ከጓሮ የመጣ ሁሉ ንጹሕ ነውን?

በደምበጫም ሆነ በፍኖተ ሰላም፥ በቡሬም ሆነ በዙሪያው ገጠር፥ ጥንስስ የምትጥል እናት የጌሾውን ልክ የምታውቀው በእጇና በዓይኗ ነው። ጌሾው ቢበዛ ጠላው ይመራል፤ ቢያንስም ጣዕም ያጣል። ስሕተቱ ከዚህ ስለማያልፍ፥ በቤት ውስጥ ቅጠል መዘፍዘፍ እንደ አደጋ ተቈጥሮ አያውቅም።

ዛሬ ግን በልዩ ልዩ አገሮች ጌሾ ሳይሆን የትምባሆ ቅጠል በቤታቸው የሚዘፈዝፉ ሰዎች አሉ። ይህንም የሚያደርጉት ለኤሌክትሮኒክ ሲጋራቸው ጣዕም ለመስጠት ነው። ይህ መሣሪያ በባትሪ ኃይል በሚግል ሽቦ ፈሳሽ እያተነነ ለሳንባ የሚያቀብል ሲሆን፥ ፈሳሹም በአብዛኛው ግሊሰሪንና ፕሮፒሊን ግላይኮል ነው። ሰዎቹ ደረቁን ቅጠል በዚሁ ፈሳሽ ውስጥ ያቈዩና አጥልለው ይጠቀሙበታል። ከፋብሪካ ያልመጣ፥ ከቅጠሉ የተገኘ ጣዕም ነው እያሉም ይመካሉ።

እኛ ግን ስሕተቱ ያለው በዚሁ ትምክሕት ላይ ነው እንላለን። ፈሳሹ ከቅጠሉ የሚስበው ጣዕሙን ብቻ አይደለም፤ ኒኮቲኑንም አብሮ ይስባል። የኒኮቲኑም መጠን እንደ ትምባሆው ዘርና ቅጠሉ ከግንዱ ላይ እንደ ነበረበት ቦታ ስለሚለያይ፥ ዓይንም ምላስም ሊለካው አይችልም። ማጥለያውም ገለባውን እንጂ የሟሟውን አያስቀርም። በ1850 እ.ኤ.አ. በቤልጅግ አገር አንድ ባላባት ከትምባሆ ቅጠል በገዛ ቤቱ ባወጣው ኒኮቲን የሚስቱን ወንድም መግደሉ በፍርድ ተረጋግጧል። የእርሱ ጭማቂ ከዝፍዝፉ እጅግ የበረታ ቢሆንም፥ ምንጩ ያው ቅጠል ነበር። ኒኮቲን በቆዳም ስለሚገባ፥ ከሕፃናት እጅ ያልራቀ የዝፍዝፍ ጠርሙስ ለቤተሰቡ ሁሉ የሚያሠጋ ነው።

ለአፍ የሚስማማም ሁሉ ለሳንባ አይስማማም። በ2019 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ በተነሣው የሳንባ ጉዳት፥ እስከ የካቲት 2020 ድረስ 2,807 ሕሙማን ሲመዘገቡ 68ቱ ሞተዋል። ከጉዳቱ ጋር በጥብቅ የተያያዘው በካናቢስ ፈሳሽ ላይ የተጨመረ የቫይታሚን ኢ ቅባት ነበር። ነገሩ ከትምባሆ የተለየ ቢሆንም ትምህርቱ አንድ ነው፤ ቅባቱ ሲዋጥ ብዙም የማይጐዳ ሆኖ ሳለ ሲተነፈስ ገደለ።

በአገራችን አዋጅ ቁጥር 1112/2011 የኤሌክትሮኒክ ሲጋራንና ጣዕም የተጨመረበትን ትምባሆ ከገበያ ከልክሏል፤ ዕድሜው 21 ዓመት ላልሞላም ትምባሆ እንዳይሸጥ አዟል። ይህ የሚመሰገን ነው። ነገር ግን አዋጅ የሱቁን በር ይዘጋል እንጂ በጓዳ የተቀመጠውን ጠርሙስ አያይም። መሣሪያው በድብቅ ቢገባ፥ ቅጠሉ ሩቅ አይደለም፤ አሠራሩም በእጅ ስልክ ይደርሳል።

በ2016 እ.ኤ.አ. በተደረገው ጥናት በኢትዮጵያ ከ100 ዐዋቂዎች ትምባሆ የሚጠቀሙት 5 ያህል ብቻ ነበሩ። ይህ ትልቅ ሀብት ነው። ቤተ ክርስቲያን ትምባሆን መንቀፏም ለብዙ ዘመን አጥር ሆኖልናል። ወጣቱ ግን «ነውር ነው» ከመባል አልፎ «ለምን?» ብሎ ይጠይቃልና፥ መልሱን ማግኘት ይገባዋል። ስለዚህ በየትምህርት ቤቱ የኬሚስትሪና የባዮሎጂ መምህራን ስለ ኒኮቲን ሲያስተምሩ፥ ጥንስስንና የትምባሆ ዝፍዝፍን አነጻጽረው ቢያስረዱ መልካም ነው። ወላጆችም በቤታቸው የሚዘፈዘፈው ምን እንደሆነ ሊያውቁ ይገባል።