ጎረቤትም የሚቀምሰው ኢፍጣር

በ2017 ዓ.ም. ዐቢይ ጾም የካቲት 17፣ ረመዳን የካቲት 22 ገቡ። እንዲህ ሲገጥሙ፣ እንደ ራቤል ሙስሊምና ክርስቲያን ተጎራብቶ በሚኖርበት ከተማ፣ የኢፍጣሩ ሰሃን ለጎረቤትም መድረስ አለበት እንላለን። የሥጋ ሳምቡሳ አቅርቦ ጿሚን «ብሉልን» ማለት ያሳቅቃል። የምስሩ ይጾማል፤ ነገር ግን ዘይት የጠገበ ጥብስ ቀኑን ሙሉ ባዶ በዋለ ሆድ ላይ ቃር ያስነሣል።

ደጋው ድንች አያጣም። ከነልጣጩ አጥቦ በስሱ መቁረጥ፣ በጥቂት ዘይትና ጨው ማሸት፣ ለቡና በተያያዘው ከሰል ላይ በሽቦ ፍርግርግ መዘርጋት ነው። ፍሙ አመድ ሲለብስ ይጀመር፤ በነበልባል ከሆነ ላዩ አርሮ ውስጡ ጥሬ ይቀራል። እያገላበጡ ሩብ ሰዓት ያህል ይበቃዋል። ቃሪያና ሽንኩርት ከጎኑ ይጠበሳሉ፤ ሲወርድ ሎሚ ይጨመቅበታል። ሚጥሚጣውን ለወዳጁ እንተዋለን።

የራቤል ብርድ ቢያስቸግርም ከሰሉ ደጅ ይሁን፤ በተዘጋ ቤት ጭሱ ባይታይም ይገድላል።

ሳምቡሳው ይቅር አላልንም። ቴምሩ ተቀምሶ፣ መግሪብ ተሰግዶ ሾርባው እስኪቀርብ ድንቹ ይደርሳል፤ ጎረቤት የሚጠራው ያን ጊዜ ነው።