ሮቦቶች ቃል ሲፈጥሩ እኛ ምን እንማራለን?

ቋንቋ የማን ሥራ ነው ተብሎ ቢጠየቅ፣ ከተማርነው ወጣቶች መካከል የአብዛኞቻችን መልስ ከሁለት አንዱ ነው። አንዱ ወገን ቋንቋ የሊቃውንት ሥራ ስለሆነ ጉባኤ ተቀምጦ መዝገበ ቃላት አዘጋጅቶ ይወስንልን ይላል። ሌላው ወገን ደግሞ ቋንቋ ከአያት ከቅድመ አያት የተረከብነው ርስት ነውና ማንም ሊነካው አይገባም ባይ ነው። እኔም ትምህርቴን ጨርሼ ሥራ እስከያዝሁ ድረስ ከመጀመሪያው ወገን ነበርሁ። አሁን ግን ከሁለቱም አይደለሁም። አሳቤን ያስለወጡኝ ባንድ በኩል የሮቦቶች ነገር፣ በሌላ በኩል አንድ ሽማግሌ ባለጉዳይ ናቸው። ከሮቦቶቹ ልጀምር።

እንደ ኤውሮፓውያን አቆጣጠር በ1999 ዓ.ም. ሉክ ስቲልስ የተባሉ የቤልጅግ ተወላጅ የኮምፒዩተር ሊቅ «ተናጋሪ ራሶች» የሚባል ሙከራ ለሕዝብ አሳዩ። ሰውዬው በዚያን ጊዜ በብራስልስ የዩኒቨርሲቲ መምህር፣ በፓሪስም የሶኒ ኩባንያ የኮምፒዩተር ሳይንስ ቤተ ሙከራ ኃላፊ ነበሩ። ራሶቹ ስማቸው ትልቅ ይሁን እንጂ ሲያዩዋቸው የሚያስደንቁ አይደሉም፤ እያንዳንዱ ራስ በማቆሚያ ላይ የተተከለ፣ አንገቱን ወደ ግራና ወደ ቀኝ፣ ወደ ላይና ወደ ታች ማዞር የሚችል ካሜራ ነው። ሁለቱ ካሜራዎች ባንድ ነጭ ሰሌዳ ፊት ይቆማሉ። በሰሌዳው ላይ ልዩ ልዩ ቀለም ያላቸው ክቦች፣ ሦስት ማዕዘኖችና አራት ማዕዘኖች ተለጥፈዋል። ከካሜራዎቹ በስተጀርባ ያለው ኮምፒዩተር ግን «ቀይ» ወይም «ክብ» የሚል ቃል አልተሰጠውም፤ ቀይ የሚባል ነገር በዓለም ላይ መኖሩንም የነገረው የለም። የተሰጠው የጨዋታው ደንብ ብቻ ነው።

ጨዋታውም እንዲህ ነው። ተናጋሪ የሆነው ራስ ከሥዕሎቹ አንዱን በልቡ ይመርጣል፤ ያንንም ሥዕል ከሌሎቹ የሚለየው ምን እንደሆነ ይፈልጋል፤ መለያው ቀለሙ፣ ስፋቱ፣ ወይም ያለበት ስፍራ ሊሆን ይችላል። ለዚህ መለያ ቃል ካለው ይናገራል፤ ከሌለው ፊደል እንደ ነገሩ አገጣጥሞ አዲስ ቃል ይፈጥራል። «ቦዶሚ» አለ እንበል። ሰሚው «ቦዶሚ»ን የማያውቅ እንደሆነ አለማወቁን ይገልጻል፤ ያን ጊዜ ተናጋሪው የመረጠውን ሥዕል ያመለክትለታል። ሰሚውም ሥዕሉን አይቶ፣ «ይህን ከሌሎቹ የሚለየው ምንድን ነው? እንግዲያው ቦዶሚ ማለት ይህ መሆን አለበት» ብሎ ገምቶ ይይዛል። ከዚያ ተራ ይለዋወጣሉ። ጨዋታው በብዙ ሺሕ የሚቆጠር ጊዜ ተደጋገመ። ተጫዋቾቹም ሁለት ብቻ አልነበሩም። ካሜራዎቹን ሥጋ ብንላቸው፣ ነፍሳቸው የሆነው የኮምፒዩተር ፕሮግራም በኢንተርኔት ከፓሪስ ወደ ብራስልስ፣ ከዚያም ወደ ሌላ ከተማ እየተጓዘ፣ በሌላ ካሜራ አድሮ ከሌላ ነፍስ ጋር ይጫወት ነበር። እንደ ቀድሞ ሲራራ ነጋዴ ቃል ጭኖ ይዞራል ማለት ነው።

በመጀመሪያው ላይ ነገሩ የባቢሎን ግንብ ነው፤ ላንድ ነገር ብዙ ስም ይወጣለታል። ነገር ግን እያንዳንዱ ተጫዋች ለሚያውቃቸው ቃላት ነጥብ ይይዛል። ቃሉ ካግባባው ነጥቡን ከፍ፣ የተወዳዳሪዎቹን ደግሞ ዝቅ ያደርጋል፤ ካላግባባው ይቀንስበታል። እንዲህ እየሆነ ሲሄድ አንዱ ቃል ይገንና ሌሎቹ ይረሳሉ። ማንም አልመረጠው፣ ጉባኤም አልተሰበሰበበት። ያሸነፈውም ከሌሎቹ ያማረ ቃል ስለሆነ አይደለም፤ ቀድሞ ጥቂቶችን ስላግባባ ነው። በዚያው በብራስልስ ባርት ደ ቡር የተባሉ ተመራማሪ ደግሞ፣ እርስ በርሳቸው ድምፅ እየተኮራረጁ የራሳቸውን አናባቢዎች የሚያወጡ የኮምፒዩተር ተናጋሪዎች ሠርተዋል፤ የወጡትም አናባቢዎች ብዙውን ጊዜ በሰው ቋንቋዎች ውስጥ የምናገኛቸውን የሚመስሉ ሆኑ።

ይህን ሳነብ የገዛ ቃሎቻችን ታሪክ ትዝ አለኝ። «ስልክ» በዐረብኛ ሽቦ ማለት ነው፤ «መኪና»ም ከጣልያንኛ የመጣ ነው። ገበያው ተቀበላቸውና አማርኛ ሆኑ። በኛ ዘመን «ድረ ገጽ» የሚለው ቃል ታስቦበት የተፈጠረ ነው፤ ሰው ግን ተቀባብሎት ይኸው ይጠቀምበታል። «ተንቀሳቃሽ ስልክ» እንዲሁ ታስቦበት የተፈጠረ ሆኖ ሳለ ከደብዳቤና ከዜና ብዙም አልወጣም፤ ዜናውን ያነበበው ሰው ራሱ ከስቱዲዮ ሲወጣ «ሞባይሌን የት አደረግሁት?» ይላል። ቃል ፈጣሪዎችን የምነቅፍ አይምሰልብኝ። ቃል ማቅረብ የእነሱ ፈንታ ነው፤ ማጽደቁ ግን በእጃቸው አይደለም።

ከሙከራው ሁሉ ይበልጥ ያስገረመኝ ግን ሌላ ነው። ይኸውም ሁለት ተጫዋቾች ባንድ ቃል ሲግባቡ ቆይተው፣ በልባቸው የያዙት ትርጉም የተለያየ ሆኖ መገኘቱ ነው። በሰሌዳው ላይ ቀዩ ሥዕል ሁልጊዜ ትልቁም ሥዕል ቢሆን፣ አንዱ «ቦዶሚ» ቀይ ነው ብሎ፣ ሌላው «ቦዶሚ» ትልቅ ነው ብሎ ሊይዝ ይችላል። ሁለቱም ወደ አንድ ሥዕል ያመለክታሉ፤ ጨዋታው ይሰምራል፤ ነጥቡ ይጨምራል። ልዩነታቸው የሚታወቀው አንድ ቀን ትንሽ ቀይ ሥዕል ከትልቅ ሰማያዊ ሥዕል አጠገብ የተለጠፈ እንደሆነ ነው። ያን ጊዜ አንዱ ወደ ግራ፣ ሌላው ወደ ቀኝ ይመለከታል።

አሁን ወደ ሽማግሌው ልለፍ። በምሠራበት መሥሪያ ቤት፣ ስሙን መጥራት አያስፈልግም፣ አንድ አዛውንት በየሳምንቱ ይመላለሱ ነበር። በመጡ ቁጥር እኔ «አባቴ፣ ጉዳይዎ በሂደት ላይ ነው» እላቸዋለሁ፤ እሳቸውም «እግዜር ይስጥልኝ፣ ልጄ» ብለው መርቀውኝ ይሄዳሉ። እንደ ተግባባን በፍጹም አልተጠራጠርሁም። በአራተኛው ሳምንት ግን ምርቃቱ ቀረና፣ በከዘራቸው ከኋላዬ ወዳለው መደርደሪያ እያመለከቱ፣

«ልጄ፣ ሂደት ማለት መሄድ አይደለም ወይ? ያ ሰማያዊው ፋይል የኔ ነው፤ የታሰረበትም ክር የኔ ነው። መጀመሪያ ከመጣሁበት ቀን ጀምሮ ስንዝር አልተነቃነቀም» አሉኝ።

ዘወር ብዬ አየሁ። እውነትም አቧራ ለብሶ ተቀምጧል። እሳቸው «በሂደት ላይ» ሲባሉ ወረቀታቸው ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ ይታያቸው ነበር፤ እኔ ግን «ገና አላየሁትም፣ ይጠብቁ» ማለቴ ነበር። አንድ ወር ሙሉ ባንድ ቃል ተግባብተን ኖርን፤ ትርጉሙ ግን ሁለት ነበር። የለየን ከዘራው ነው። ፋይሉን የዚያኑ ዕለት ከሰዓት በኋላ አወረድሁት። የጎደለው አንድ ፊርማ ነበር።

ከዚያ ወዲህ የመሥሪያ ቤታችንን ቋንቋ በጥርጣሬ አዳምጣለሁ። «አስፈላጊው ሁሉ ይደረጋል»፣ «አቅጣጫ ተቀምጧል»፣ «በቅርብ ቀን» እንላለን። ስንናገረው ይጥማል፤ ስብሰባውም በስምምነት ይበተናል። ወጣት አንባቢዬ ሆይ፣ ትናንት የጻፍኸውን ደብዳቤ አውጣና በስንቱ ቃል ላይ ጣትህን ወደ አንድ የሚታይ ነገር መቀሰር እንደምትችል ሞክር። እኔ ሞክሬ አፍሬአለሁ።

ይህ በሽታ ከየት እንደሚመጣ የሚያስረዳ የሚመስለኝ ሌላ ጥናት አለ። በእስኮትላንድ በኤድንበርግ ዩኒቨርሲቲ ሳይመን ከርቢ የተባሉ ሊቅ አስቀድመው አንዱ ትውልድ ቋንቋውን ለሌላው የሚያወርስበትን የኮምፒዩተር ሞዴል ሲሠሩ ቆይተው፣ ከባልደረቦቻቸው ጋር በ2008 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት ይህንኑ በሰዎች ላይ ሞከሩት። 27 ተንቀሳቃሽ ሥዕሎች፣ ለእያንዳንዱም ትርጉም የለሽ ስም አዘጋጁ። የመጀመሪያው ሰው ከፊሉን ብቻ ተምሮ ስለ ሁሉም ይጠየቃል፤ የሱም መልስ፣ ስሕተቱ ጭምር፣ ለሚቀጥለው ሰው ትምህርት ይሆናል። እንዲህ እስከ አሥር ሰው ይወርዳል። ቋንቋውን ላሻሽል ብሎ ያሰበ ማንም የለም። በመጀመሪያው ሙከራ ቋንቋው ለመማር እየቀለለ ሄደ፤ የቀለለበት ምክንያት ግን ስንፍና ነው፤ ስሞቹ ጥቂት ሆነው አንዱ ስም ለብዙ ሥዕል ዋለ። በሁለተኛው ሙከራ ተመራማሪዎቹ፣ ለብዙ ሥዕል የዋለ ስም ሲገኝ አንዱን ብቻ አስቀርተው ሌላው ለተከታዩ ሰው እንዳይተላለፍ ከለከሉ። ያን ጊዜ ቃላቱ በራሳቸው ይከፋፈሉ ጀመር፤ መነሻው ቀለሙን፣ መካከሉ ቅርጹን፣ መድረሻው እንቅስቃሴውን የሚናገር ሆነ። ሰዋስው ያለ ሰዋስው መምህር ተወለደ።

እንግዲህ እንድንለይ የሚያስገድደን ነገር ሲጠፋ ቋንቋችን የመጀመሪያውን ሙከራ መንገድ ይከተላል። «በሂደት ላይ ነው» የሚለውም «ገና ነው»፣ «አይሆንም»፣ «አላውቅም» እና «ፋይሉ ጠፍቷል» የሚባሉት አራት ልዩ ልዩ ነገሮች ስማቸውን አጥተው የተጠለሉበት አንድ ቃል ነው።

አንዳንድ ጓደኞቼ ይህ ሁሉ የልጆች ጨዋታ ነው፤ ዛሬ ድርሰት የሚጽፍ ኮምፒዩተር እያለ የክብና የሦስት ማዕዘን ወሬ ምን ይረባል ይሉኛል። የኔ አሳብ ተቃራኒው ነው። የዛሬዎቹ ታላላቅ የቋንቋ ሞዴሎች በመሠረቱ የሚማሩት ሰው ከጻፈው ክምር ጽሑፍ ነው፤ ከዚህ ቃል ቀጥሎ የትኛው ይመጣል እያሉ ይገምታሉ፣ ሲሳሳቱም ይታረማሉ። ሥዕል እንዲያዩ የተደረጉም አሉ፤ ዋናው ትምህርታቸው ግን ጽሑፉ ነው። ስቲቨን ሃርናድ የተባሉ ሊቅ በ1990 እ.ኤ.አ. እንደ ጻፉት፣ ቻይንኛ የማያውቅ ሰው ከቻይንኛ ወደ ቻይንኛ በሚፈታ መዝገበ ቃላት ብቻ ቋንቋውን ልማር ቢል፣ አንዱ ምልክት ወደ ሌላው ምልክት እየመራው ሲዞር ይኖራል። ሞዴሎቹ በዚህ ዙሪያ ጥምጥም ብዙዎች ካሰቡት በላይ ርቀው መሄዳቸውን አልክድም። ይሁን እንጂ ከዘራ የላቸውም። መደርደሪያውን አያዩም፤ የሚያዩት ስለ መደርደሪያው የጻፍነውን ነው።

የአማርኛ ጽሑፍ ደግሞ በኮምፒዩተር ዓለም ከእንግሊዝኛ ጋር ሲነጻጸር እጅግ ጥቂት ነው። ጥቂት በመሆኑም የእያንዳንዱ ደብዳቤና መግለጫ ክብደት ይበዛል። በኤድንበርጉ ሙከራ የፊተኛው ሰው ስሕተት ለኋለኛው ትምህርት እንደ ሆነ ሁሉ፣ እኛም ሳናውቀው የሰንሰለቱ አንድ ቀለበት ሆነናል።

ባለፈው ሳምንት ከነዚህ ሞዴሎች አንዱን ፈተንሁት። «ፋይላቸው አንድ ወር ሙሉ ሳይታይ ለቆየባቸው ሽማግሌ ባለጉዳይ መልስ ጻፍልኝ» አልሁት። ሰላምታው የተሟላ፣ ሰዋስዉ የማይነቀፍ ደብዳቤ በቅጽበት አቀረበልኝ። ሁለተኛው አረፍተ ነገር «ጉዳይዎ በሂደት ላይ መሆኑን በአክብሮት እንገልጻለን» ይላል። ከማን እንደ ተማረው አልጠየቅሁትም።