የሶፍትዌር ኪራይ በዶላር፣ በጀቱ በብር
በኮኪትና በመተማ ቆላ አንድ ሰርቨር መጨመር ሌላ ማቀዝቀዣ መጨመር ነው፤ ስለዚህ አንዱን ማሽን ለብዙ ቨርቹዋል ማሽኖች ማካፈል እዚያ ቅንጦት አይደለም። ችግሩ እነዚህን ማሽኖች የሚያስተዳድረው ሶፍትዌር ነው። ብሮድኮም የተባለው ኩባንያ የዚህ ዓይነት ሶፍትዌር አምራች የሆነውን ቪኤምዌርን በኅዳር 2016 ዓ.ም. ጠቅልሎ ገዛና በወሩ ዘላቂ ፈቃድ መሸጡን ትቶ ደንበኛውን ሁሉ ወደ ኪራይ አዞረ። በዚያው ዓመት ሐምሌ ብር በገበያ ዋጋ መተመን ጀመረ፤ የዶላር ኪራይ ለአንድ ወረዳ ጽሕፈት ቤት ምን ማለት እንደሆነ የሂሳብ ሹሙን መጠየቅ ነው! ምንጩ ክፍት የሆነው የቨርቹዋል ማሽን ማስተዳደሪያ ሊብቨርት ግን ያለ ክፍያ ይወርዳል፤ ኬቪኤምን፣ ዜንንና ቪኤምዌርን የመሳሰሉ ሃይፐርቫይዘሮችን፣ ማለትም ቨርቹዋል ማሽኖችን የሚያስኬዱ ሶፍትዌሮችን፣ ያናግራል። ባለሙያው «ቨርሽ ሊስት» ብሎ ሲጽፍ እየሠሩ ያሉት ማሽኖች ስማቸው ይዘረዘርለታል፤ ከሥር ያለው ሃይፐርቫይዘር ቢለያይም ትእዛዙ ያው ነው፣ የሚለወጠው የግንኙነት አድራሻው ብቻ። እርግጥ ለቪኤምዌር ያለው ድጋፍ ለኬቪኤም ካለው ይሳሳል፤ አዋቂ እጅም ይፈልጋል፣ እሱም በነፃ አይገኝም። ቢሆንም ከኪራዩ መውጣት ለሚፈልግ «ቨርት ቪቱቪ» የተባለው መሣሪያ የቪኤምዌር ማሽንን ወደ ኬቪኤም ያሻግራል። የበጀት ክፍሎች ቀጣዩን የኪራይ ውል ከመፈረማቸው በፊት፣ ባለሙያዎቻቸው ይህን ሽግግር በአንድ አሮጌ ሰርቨር ላይ ሞክረው ውጤቱን በጽሑፍ እንዲያቀርቡ ማዘዝ አለባቸው።