ብሉዝን ከጊታር ውድድር እናውጣው

«ብሉዝ መስማት ልጀምር ነው፤ ምን ትመክሩኛላችሁ?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው የሚያገኘው መልስ ከሞላ ጎደል ይታወቃል። የጠየቀው ስለ ሙዚቃ ነው፤ የሚመለስለት ግን ስለ ጊታሪስት ነው። ትንሽ ቆይቶ ጠያቂው ይረሳና መካሪዎቹ እርስ በርስ ይያያዛሉ፦ ከሦስቱ ኪንጎች፣ ከቢ ቢ፣ ከአልበርትና ከፍሬዲ ማን ይበልጣል? ኤሪክ ክላፕተን ነው ወይስ ስቲቪ ሬይ ቮን? ሮበርት ጆንሰንን ማን ያህለዋል? ጠያቂው በመጨረሻ ይዞት የሚሄደው የአሥር አልበሞች ዝርዝር ሙሉ በሙሉ በጣት ፍጥነትና በሶሎ ርዝመት የተመረጠ ነው።

ይህ ልማድ ማንንም የማይጎዳ የአፍቃሪዎች ጨዋታ ይመስላል። እኔ ግን ብሉዝን በአዲስ አድማጭ ጆሮ የሚያበላሸው ዋናው ነገር እሱ ነው እላለሁ። ብሉዝ ከሁሉ በፊት ዘፈን ነው፤ ጊታሩ ለዘፋኙ መልስ የሚሰጥ ሁለተኛ ድምፅ ነው። መልሱን ከጥያቄው ነጥለን ነጥብ ስንሰጠው ሙዚቃውን ያቆሙትን ሴቶች፣ ፒያኒስቶች፣ ሃርሞኒካ ተጫዋቾችና የዘፈን ደራሲዎች ከታሪኩ እናስወጣለን። የተረፉትን ጊታሪስቶችም ቢሆን የእነሱ ባልሆነ ሚዛን እንመዝናቸዋለን።

ከመጀመሪያው እንነሳ። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 1920 ማሚ ስሚዝ ኒው ዮርክ ውስጥ ኦኬ ለተባለው ኩባንያ የፔሪ ብራድፎርድን ድርሰት «ክሬዚ ብሉዝ»ን ተጫወተች። አንዲት ጥቁር ሴት ብሉዝ ዘፍና በሸክላ ስትቀዳ ይህ የመጀመሪያው ነበር። ሸክላው በገፍ ሲሸጥ ኩባንያዎቹ ለጥቁር አሜሪካውያን የሚሆን ሰፊ ገበያ እንዳለ ገባቸው። በዚያ ሸክላ ላይ ጊታር የለም። በ1923 ማ ሬይኒና ቤሲ ስሚዝ መጡ። ቤሲ በ1925 የደብልዩ ሲ ሃንዲን «ሴንት ሉዊስ ብሉዝ» ስትዘፍን መልስ የሚሰጣት ሉዊስ አርምስትሮንግ በኮርኔት ነው፤ ከኋላ ያለው ሃርሞኒየም ነው። እዚያም ጊታር የለም። ጊታሩን ይዞ ብቻውን የሚዘፍን ወንድ በሰፊው መሸጥ የጀመረው ብላይንድ ሌመን ጀፈርሰን ለፓራማውንት ኩባንያ መቅዳት ከጀመረበት ከ1926 ወዲህ ነው። ይህ ማለት ብሉዝ በሸክላ አገር ምድሩን ሲያዳርስ በነበረባቸው በእነዚያ የመጀመሪያ ዓመታት ፊት መሪዎቹ ሴቶች ነበሩ። ዛሬ በሚዘዋወሩት የምክር ዝርዝሮች ግን አንዳቸውም ቢገኙ «ለታሪክ ያህል» ተብለው መጨረሻ ላይ ነው።

ወንዶቹን ብንወስድም ታሪኩ ከዝርዝሩ ጋር አይገጥምም። በ1928 «ሃው ሎንግ፣ ሃው ሎንግ ብሉዝ»ን የቀዳው ሊሮይ ካር ፒያኒስት ነው፤ ስክራፐር ብላክዌል በጊታር ያጅበዋል። ካር የሚዘፍነው በለሆሳስ ነው፤ አጠገቡ ላለ ሰው እንደሚያወራ። ይህ የከተማ ለስላሳ አዘፋፈን በዘመኑ የነበሩ ብዙ ዘፋኞችን ነክቷል። ከነዚህም አንዱ ሮበርት ጆንሰን ነው።

ጆንሰን ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል፤ የውድድሩ ታቦት እሱ ነውና። በ1936 ሳን አንቶኒዮ፣ በ1937 ደግሞ ዳላስ ውስጥ 29 ዘፈኖች ቀዳ፤ በ1938 በ27 ዓመቱ ሞተ። በሕይወቱ ሳለ ከሚሲሲፒና ከአካባቢዋ ውጭ ይህን ያህል ስም አልነበረውም። ዝናው የመጣው ኮሎምቢያ የተባለው የሸክላ ኩባንያ በ1961 ሥራዎቹን ሰብስቦ በአልበም ካወጣ በኋላ ነው፤ ያንን አልበም ያነሡት በአብዛኛው ነጭ ሸክላ ሰብሳቢዎችና የእንግሊዝ ወጣት ሙዚቀኞች ናቸው። የታሪክ ጸሐፊው ኢላይጃ ዋልድ በ2004 ባሳተመው መጽሐፍ ያስረዳው ይህንኑ ነው፦ በዘመኑ የጥቁር አድማጭ ዓይን ጆንሰን ከብዙዎቹ አንዱ ነበር፤ ንጉሥነቱን ያገኘው ከሞተ ከሃያ ዓመት በላይ ቆይቶ፣ ከሌላ አድማጭ ነው።

ይህ ጆንሰንን አያሳንሰውም። የሚያሳንሰው በመንታ መንገድ ላይ ነፍሱን ለሰይጣን ሸጦ ጊታር ተማረ የሚለው ተረት ነው። ተረቱ ቀድሞ ይነገር የነበረው ስለ ሌላው የሚሲሲፒ ሰው ስለ ቶሚ ጆንሰን ነው፤ ወደ ሮበርት የዞረው ኋላ ነው። እውነቱ ከተረቱ ይበልጣል። ሮበርት ጆንሰን አይክ ዚመርማን ከሚባል ጊታሪስት ዘንድ ተቀምጦ ተምሯል፤ የካርን፣ የኮኮሞ አርኖልድንና የስኪፕ ጄምስን ሸክላዎች አጥንቷል፤ ሰን ሃውስን በቅርብ አይቷል። ፒያኖ የሚሠራውን የግራ እጅ ሥራ ወደ ጊታር ወፍራም ክሮች አምጥቶ ብቻውን እንደ ሁለት ሰው ተጫውቷል። ይህ የተማሪነት፣ የማዳመጥና የልፋት ታሪክ ነው። ውድድሩ ግን ሻምፒዮን እንጂ ተማሪ አይፈልግም፤ ስለዚህ ልፋቱን ለሰይጣን ሰጠበት።

ሚዛኑ ከየት መጣ? በ1950ዎቹና በ60ዎቹ ሸክላ ሰብሳቢዎች ልባቸው የሸፈተው ጊታር ታቅፎ ብቻውን ወደሚዘፍነው የገጠር ሰው ነበር። በዚያው ጊዜ የእንግሊዝ ወጣቶች የኤሌክትሪክ ጊታር ወደ ፊት የሚያወጣ ሙዚቃ ይፈልጉ ነበር። ሁለቱ ፍላጎቶች ተገናኙና ሮክ የራሱን አያቶች መረጠ። ከዚያ በኋላ የመጡት የጊታር መጽሔቶችና የደረጃ ሠንጠረዦች ያንኑ ምርጫ አጸደቁ። ሮሊንግ ስቶን መጽሔት በ2003 ያወጣውን የመቶ ታላላቅ ጊታሪስቶች ዝርዝር እንይ፦ አንደኛ ጂሚ ሄንድሪክስ፣ ሁለተኛ ዱዌን ኦልማን፣ ሦስተኛ ቢ ቢ ኪንግ፣ አራተኛ ክላፕተን፣ አምስተኛ ሮበርት ጆንሰን። ከመቶው ሴቶች ሁለት ብቻ ነበሩ፦ ጆኒ ሚቸልና ጆን ጄት። ሜምፊስ ሚኒ አልነበረችበትም።

ሜምፊስ ሚኒ ከ1929 ጀምሮ ከሃያ ዓመት በላይ ሸክላ የቀዳች፣ ራሷ የምትደርስ፣ ራሷ የምትዘፍን፣ ራሷ ጊታር የምትጫወት ሴት ናት። ገጣሚው ላንግስተን ሂውዝ በ1942 የዘመን መለወጫ ዋዜማ ቺካጎ ውስጥ አይቷት በቺካጎ ዲፌንደር ጋዜጣ ጽፎላታል፤ የያዘችው የኤሌክትሪክ ጊታር ነበር። የቺካጎ የኤሌክትሪክ ብሉዝ አባት የምንለው ሙዲ ዋተርስ ከሚሲሲፒ ወደዚያች ከተማ የገባው በ1943 ነው። ስለ ጊታር ብቻ እንከራከር ብንል እንኳ ይህችን ሴት ከመቶ ሰው ውስጥ የሚጥላት ሚዛን ስለ ጊታርም አያውቅም።

እዚህ ላይ ተቃዋሚ አንድ እውነተኛ ነገር ሊያነሳ ይችላል፦ ውድድር በብሉዝ ውስጥ እንግዳ አይደለም። እውነት ነው። ቢግ ቢል ብሩንዚ በሕይወት ታሪኩ ላይ ከሜምፊስ ሚኒ ጋር ቺካጎ ውስጥ እንደተወዳደረና እሷ እንዳሸነፈችው፣ ሽልማቱም ውስኪና ጂን እንደነበር ይተርካል። ብሩንዚ ጨዋታ ያምርለታልና ጥቂት አስውቦት ይሆናል። ነገር ግን በራሱ ትረካ ውስጥ ሁለቱም የተዳኙት ዘፈን ዘፍነው ነው። አዳራሹን የሞላው ሕዝብ የወደደው ድምፁን፣ ግጥሙን፣ ጊታሩን፣ አቀራረቡን ባንድ ላይ ነው። የዛሬው ውድድር ከዚያ ሁሉ ጣቶቹን ብቻ ቆርጦ ወስዷል።

አሁን ከዝርዝሮቹ አናት የማይጠፋውን አንድ አልበም እንስማ። ቢ ቢ ኪንግ ህዳር 21 ቀን 1964 ቺካጎ በሚገኘው ሪጋል ቴአትር የተጫወተው ቅጂ «ላይቭ አት ዘ ሪጋል» ይባላል። በተለመደው የአሥራ ሁለት ባር ብሉዝ እያንዳንዱ ስንኝ አራት ባር አለው፤ ዘፋኙ ግማሹን ያህል ይዘፍንና ቀሪውን ለመሣሪያ ይተዋል። ኪንግ ስንኙን ይለዋል፤ ሲዘፍን ጊታሩ ዝም ይላል። ከዚያ አፉን ይዘጋና ጊታሩ ይመልሳል፦ ሦስት አራት ኖታ ብቻ፣ የመጨረሻውን በግራ እጁ እያንቀጠቀጠ ያቆየዋል። ወዲያው ከአዳራሹ የሴቶች ጩኸት ይነሳል። እሱ ጩኸቱን ጠብቆ ሁለተኛውን ስንኝ ያስገባል። ሦስት ድምፆች እየተቀባበሉ ነው፦ ዘፋኙ፣ ጊታሩና ሕዝቡ። ቢ ቢ ኪንግ ኮርድ መምታት እንደማይሆንለት፣ እየዘፈነ መጫወትም እንደማይችል በግልጽ ይናገር ነበር። በፈጣኖቹ ሚዛን ይህ ጉድለት ነው፤ በብሉዝ ግን የጥበቡ መሠረት ሆኖታል።

ሌላ ምሳሌ ሂውበርት ሰምሊን ነው። የሃውሊን ዉልፍ ጊታሪስት ነበር። ሰምሊን ራሱ ደጋግሞ እንደተናገረው፣ ጊታሩ የዘፋኙን ድምፅ እየተጫነ ሲያስቸግር ዉልፍ ፒኩን እንዲጥል አዝዞ ወደ ቤቱ ሰደደው። ሰምሊን በባዶ ጣቱ መጫወት ጀመረ፤ ድምፁ ለሰለሰ፣ ኖታዎቹ ቀነሱ፣ መግቢያ ሰዓቱን መጠበቅ ቻለ። እንደ እሱ ያለ አጃቢ ብሉዝ ብዙ የለውም፤ ያንንም ያገኘው ከዘፋኙ ሥር መቆምን ተምሮ ነው። በየትኛው የፍጥነት ሠንጠረዥ ላይ እናስቀምጠዋለን?

እኛ ይህን ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም። አስናቀች ወርቁን ስንሰማ ክራሯን ከድምጿ ነጥሎ «በደቂቃ ስንት መታች?» የሚል የለም። ክራሩ ድምጿን ሲከተል፣ ሲቀድም፣ ሲጠብቃት ነው ልባችን የሚነካው። ለገዛ ዘፋኞቻችን የምንሰጠውን ጆሮ ለብሉዝ የምንነፍግበት ምክንያት የለም።

ጆን ሊ ሁከርማ የጊታር ውድድሩን ክርክር ሁሉ ብቻውን ያፈርሰዋል። በ1948 ዲትሮይት ውስጥ «ቡጊ ቺለን»ን ሲቀዳ የነበረው አንድ ድምፅ፣ አንድ ጊታርና ወለሉን የሚመታ አንድ እግር ነው። ኮርዱ አይቀየርም። ባሩን አይቆጥርም፤ ስንኙ ሲያልቅ ያልቃል። ያ ሸክላ በ1949 በሪትም ኤንድ ብሉዝ ሠንጠረዥ አንደኛ ወጣ። የጥቁር ሠራተኛ ሰፈር ወጣት በጁክቦክስ ሳንቲም እየከተተ የመረጠው ይህንን ነው፤ ለመደነስ፣ ወሬውን ለመስማት።

አልበም መምከርም የራሱ ችግር አለው። ባለ ረጅም ጊዜው ሸክላ የወጣው በ1948 ነው። ከዚያ በፊት የነበረው፣ ከዚያም በኋላ ለብዙ ዓመታት የቀጠለው ብሉዝ በሦስት ደቂቃ ያህል የሸክላ ገጽ የተሠራ ነው። «ምርጥ አሥር አልበም» ስንል ሳናስበው የ60ዎቹንና ከዚያ ወዲህ ያለውን እንመርጣለን። ሊትል ዎልተር በ1952 በሃርሞኒካ የተጫወተው «ጁክ» ስምንት ሳምንት አንደኛ ሆኖ ቆይቷል፤ ግን አንድ ነጠላ ሸክላ ነውና፣ ሃርሞኒካም ነውና ከዝርዝሩ ውጭ ይቀራል።

ክላፕተንና ስቲቪ ሬይ ቮን አይሰሙ እያልኩ አይደለም። ሁለቱም ትልልቅ ሙዚቀኞች ናቸው፤ ሁለቱም ዕድሜ ልካቸውን ወደ መምህሮቻቸው ሲያመለክቱ ኖረዋል። ክላፕተን በ2004 አንድ ሙሉ አልበም ለጆንሰን ዘፈኖች ሰጥቷል፤ ቮን የአልበርት ኪንግ ተማሪ መሆኑን ደብቆ አያውቅም። ጥፋቱ የእነሱ ሳይሆን ጣታቸው ወዳመለከተው ሳይሄድ ጣታቸውን ሲያደንቅ የቀረው መካሪ ነው።

ስለዚህ ምክራችን ይለወጥ። ጠያቂውን መጀመሪያ «ምን ዓይነት ድምፅ ትወዳለህ?» እንበለው። ጉልበት ያለው የሴት ድምፅ የሚወድ ከቤሲ ስሚዝና ከአርምስትሮንግ ይጀምር። የሌሊት ጨዋታ የሚመስል ነገር ለሚፈልግ ካርና ብላክዌል አሉለት። ብቸኝነትን እስከ ጥጉ መስማት ለሚሻ ስኪፕ ጄምስ በ1931 ግራፍተን ውስጥ የቀዳው አለ፤ ያ ቀጭን፣ ከፍ ያለ ድምፅ ከማንም ጋር አይምታታም። የሙዲ ዋተርስ የ1964 አልበም «ፎክ ሲንገር» ላይ ወጣቱ በዲ ጋይ አለ፤ ስንት ጊዜ ዝም እንደሚል ይደመጥ። በ1965 በወጣው «ሁዱ ማን ብሉዝ» ላይም ያው በዲ ጋይ ለጁኒየር ዌልስ ድምፅና ሃርሞኒካ ቦታ እየለቀቀ ይጫወታል። የምሽት ክበብ ባንድ እርስ በርሱ ሲደማመጥ ምን እንደሚመስል ለማወቅ ከዚያ የተሻለ ትምህርት ቤት አላውቅም። በእያንዳንዱ ምክር ላይ የዘፋኙ፣ የደራሲውና የአጃቢዎቹ ስም ይነገር፤ የዘፈን ደራሲው ዊሊ ዲክሰን ማን እንደሆነ ሳያውቅ የቺካጎን ብሉዝ ሰማሁ የሚል አድማጭ እያፈራን ነውና።

ከዚያ በኋላ ስለ ጊታር መከራከር የፈለገ ይከራከር፤ ክርክሩም ያኔ ቁም ነገር ይኖረዋል። ቤሲ ስሚዝንና ሊሮይ ካርን ሰምቶ የመጣ አድማጭ፣ ቢ ቢ ኪንግ ሪጋል መድረክ ላይ ከሁለት ስንኝ መሃል ለምን አራት ኖታ ብቻ እንደመታ ማንም ሳያስረዳው ይገባዋል።