አሮጌ የእሽቅድምድም ሞተር ቢሲክሌት በቤት ስለ ማደስ

ሆንዳ በአውሮፓ አቈጣጠር ለ1973 ዓመት ያቀረበውን፣ በካሊፎርኒያው ኤልሲኖር ስም የተጠራውን የሜዳ መሽቀዳደሚያ ሞተር ቢሲክሌት ዛሬ በቤታቸው የሚያድሱ አሉ። አዳሹም አስቀድሞ የአሉሚኒየሙን የቤንዚን ማጠራቀሚያ ለመወልወል ይቸኵላል፤ ዓይን የሚስበው እርሱ ነውና። እኛ ግን ከውስጥ ይጀመር እንላለን። ብዙ ዘመን በቆመ ሞተር፣ ከፒስተኑ በታች በሚዞረው ዘንግ ግራና ቀኝ ያሉት የጎማ ቀለበቶች ይደርቃሉ። አየርም በዚያ ሾልኮ ገብቶ ከቤንዚኑ መጠን ይበልጣል፤ ያን ጊዜ ሙቀቱ እጅግ በርትቶ ፒስተኑን ያቀልጠዋል። የቀለበቱ ዋጋ ጥቂት ነው፤ የፒስተኑና የሲሊንደሩ ግን ኪስ ያራቍታል። ስለዚህ ቀለበቶቹ ሳይለወጡ፣ ልጆች ድምፁን እንስማ ብለው ቢለምኑም እንኳ፣ ሞተሩን ማስነሣት አይገባም። ደግሞም ባለ ሁለት ምት ስለ ሆነ ፒስተኑን የሚያለሰልሰው ዘይት ከቤንዚኑ ጋራ ተቀላቅሎ ይገባል፤ ቤንዚን ብቻ የቀዳለት ሰው ሥራውን እንደ ገና ይጀምራል።