ድሬዳዋ ቡድኗን ለምን ረሳች?

ለመሆኑ በዚህ ግቢ ውስጥ የአርሰናልን ወይም የማንቸስተር ዩናይትድን አሰላለፍ ከበረኛው አንሥቶ እስከ አጥቂው ድረስ በቃሉ የማይወጣው ስንት ሰው ይገኛል? ጥቂት ነው። በምግብ ሰልፍ ላይ ክርክሩ ይኸው ነው፤ በመኝታ ክፍልም መብራት ከጠፋ በኋላ ሳይቀር ይኸው ነው። እስቲ ጥያቄውን ገልብጠን እንጠይቅ። ከድሬዳዋ ከተማ ቡድን ሦስት ተጫዋቾችን በስም የሚጠራ ማን አለ? ባለፈው ጨዋታ ቡድኑ አሸነፈ ወይስ ተሸነፈ? ዝም! ዝም ያሉት ከሩቅ አገር የመጡ ሠልጣኞች ብቻ ቢሆኑ ኖሮ «እንግዳ ናቸው፤ ምን ያድርጉ» ብለን ባለፍነው ነበር። ነገር ግን ከዚራና መጋላ ተወልዶ ያደገውም፣ የሳቢያኑ ልጅም መልሱ ያው ዝምታ ነው።

ታዲያ ይህ ለምን ሆነ? ብዙ ሰው መልሱን አፉ ላይ አዘጋጅቶ ነው የሚጠብቀው፤ «ቴሌቪዥን ነዋ!» ይላል። በበኩሌ ይህ መልስ ግማሽ መንገድ እንኳ አያደርስም እላለሁ። ሰዉ ኳስ አልጠላም። ሰዉ የራሱን ቡድን የተወው ቡድኑ የሱ መሆኑ ስለቀረ ነው። ቴሌቪዥኑ የገባው ባዶ ቤት አግኝቶ ነው። ነገሩን ደረጃ በደረጃ እንመልከተው።

በመጀመሪያ ድሬዳዋ በኳስ ማን እንደነበረች ማስታወስ ይገባል። የጥጥ ፋብሪካው ቡድን፣ ሰዉ ኮተን እያለ የሚጠራው፣ እ.ኤ.አ. ከ1960 እስከ 1965 በነበሩት ዓመታት ብቻ አራት ጊዜ የኢትዮጵያ ሻምፒዮን ሆኗል፤ እ.ኤ.አ. በ1983 ደግሞ አምስተኛውን ጨምሯል። የመጀመሪያው የአፍሪካ ሻምፒዮን ክለቦች ዋንጫ ፍጻሜ ውድድር በ1957 ዓ.ም. ጋና፣ አክራ ላይ ሲካሄድ ለግማሽ ፍጻሜ ከቀረቡት አራት ክለቦች አንዱ ይኸው ኮተን ነበር። በማሊው ስታድ ማልየን 3 ለ 1 ተሸንፎ ተመለሰ እንጂ ከአህጉሩ አራት ክለቦች አንዱ መባሉ ቀላል ነገር አይደለም። ኢትዮጵያ በ1954 ዓ.ም. ግብፅን 4 ለ 2 አሸንፋ የአፍሪካን ዋንጫ ስታነሣ አምበሉ የነበረው ሉቺያኖ ቫሳሎም የኮተንን መለያ የለበሰ ተጫዋች ነው። በ1968 ዓ.ም. የአፍሪካ ዋንጫ አገራችን ላይ ሲደረግ ደግሞ ናይጄሪያ፣ ሞሮኮ፣ ዛየርና ሱዳን የተመደቡበት ምድብ የተጫወተው ድሬዳዋ ስታዲየም ላይ ነበር። ዋንጫውን የወሰደችው ሞሮኮ ጉዞዋን የጀመረችው በድሬ ሙቀት ነው ማለት ነው።

ይህን የምጽፈው «ድሮ ቀረ» እያልኩ ለማልቀስ አይደለም። ቁም ነገሩ ሌላ ነው። በዚያ ዘመን ቡድኑ የቆመው በፋብሪካው ነበር፤ ፋብሪካው ደግሞ በሺህ ለሚቆጠር ቤተሰብ እንጀራ ነበር። አባት በፋብሪካው በፈረቃ ይሠራል፤ ልጅ ከአጥሩ ውጭ ካልሲ ውስጥ ጨርቅ ጠቅጥቆ ኳስ ይሠራል። ተመልካቹ ቡድኑን የሚያውቀው ከወሬ አልነበረም፤ ከሥራውና ከሰፈሩ ነበር። «የአገሩን ሠርዶ በአገሩ በሬ» የሚባለው እንዲህ ላለው ነገር ነው። ያን ሠርዶ የሚያውቅ በሬ ነበር።

ፋብሪካው ሲዳከም ቡድኑ አብሮ ወደቀ፤ የመጀመሪያው ገመድ እዚህ ላይ ተበጠሰ። ከዚያ ወዲህ በአገራችን አብዛኛውን የክልል ክለብ የያዘው የከተማ አስተዳደር ነው። የድሬዳዋ ከተማ ቡድንም የሚተዳደረው በዚሁ መንገድ ነው። በጀት ከአስተዳደሩ ይመጣል፤ ተጫዋቹ በአንድ ወይም በሁለት ዓመት ውል ይፈርማል፤ ክረምት ሲመጣ ግማሹ ዕቃውን ሸክፎ ወደ ሌላ ከተማ ይሄዳል፤ አሠልጣኙም ብዙ ጊዜ ይከተለዋል። በመስከረም የምናየው ቡድን በሰኔ የተሰናበትነው ቡድን አይደለም። ተጫዋቹን አልወቅስም፤ እንጀራው ነው፤ እግሩ ነገ ቢሰበር ማንም አይጦረውም። ግን ሰው ስሙን ለማጥናት ጊዜ ያላገኘውን ተጫዋች እንዴት ይወደዋል? ቡድኑ ከትኬት ሽያጭ የማይኖር ስለሆነም ተመልካች ቀረ ብሎ የሚደነግጥ ኃላፊ የለም። ስታዲየሙ ቢሞላም ባይሞላም ደመወዙ ከዚያው ካዝና ይከፈላል። ይህ ነው ዋናው በሽታ! ተመልካቹ መቅረቱ የማይጎዳው ቡድን ተመልካቹን ለመጥራት አይደክምም።

ሁለተኛው ገመድ የተበጠሰው በ2013 ዓ.ም. ነው። በዚያ ዓመት የሊጉ አክሲዮን ማኅበር የቴሌቪዥን መብቱን ለ5 ዓመት በ68 ሚሊዮን ዶላር ለዲኤስቲቪ ሸጠ። ውድድሩም በየክለቡ ሜዳ መካሄዱ ቀርቶ ክለቦች በሙሉ አንድ ከተማ ተሰብስበው እየተጫወቱ ወደሚቀጥለው ከተማ የሚዞሩበት ሆነ። በመጀመሪያው ዓመት ተራ የደረሳቸው አዲስ አበባ፣ ጅማ፣ ባሕር ዳር፣ ድሬዳዋና ሐዋሳ ነበሩ። ምክንያት አልነበረም አይባልም። የኮሮና ወረርሽኝ ነበር፤ ለቴሌቪዥን የሚሆን ሜዳም በየከተማው አልነበረም። ከዚያ ቀደም በ2010 እና በ2011 ዓ.ም. በየስታዲየሙ የታየው ረብሻም ሁላችንንም አሳፍሮናል። ነገር ግን ይህ አሠራር ወረርሽኙ ካለፈ በኋላም ለተከታታይ ዓመታት ቀጠለ።

ያስከተለውን ነገር ለማየት ወደ ጎንደር እንሂድ። ፋሲል ከነማ በ2013 ዓ.ም. ለመጀመሪያ ጊዜ የፕሪሚየር ሊጉን ዋንጫ ሲያነሣ ጎንደር ላይ አንድም የሊግ ጨዋታ አልተደረገም። አስቡት! አንድ ከተማ ዕድሜ ልኳን የጠበቀችውን ዋንጫ በስክሪን አየችው። ብሔራዊ ቡድናችንም ከዚህ አላመለጠም። የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ሜዳዎቻችን ደረጃቸውን አያሟሉም ብሎ ስላገደ በሰኔ 2014 ዓ.ም. ግብፅን 2 ለ 0 ያሸነፍነው «በሜዳችን» ተብሎ ማላዊ፣ ሊሎንግዌ ላይ ነው።

አንድ አንባቢ «ድሬዳዋ እኮ ከአስተናጋጆቹ አንዷ ነበረች፤ ምን ጎደላት?» ብሎ ይጠይቅ ይሆናል። ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱ ግን ይሄ ነው፤ ኳስ መመልከት ልማድ ነው። ልማድ ደግሞ በየጊዜው ትንሽ ትንሽ እየተደረገ የሚቆም ነገር ነው። በየአሥራ አምስት ቀኑ በሜዳው የሚጫወት ቡድን የሰዉን የሳምንት ፕሮግራም ይይዛል፤ ሻይ ቤቱ ያወራለታል፤ ልጅ አባቱን «ነገ እንሄዳለን?» ይላል። ለጥቂት ሳምንት ተከታትሎ መጥቶ ከዚያ ለወራት የሚጠፋ ውድድር ግን እንደ ንግሥ በዓል ገበያ ነው፤ ሲመጣ ግርግር፣ ሲሄድ ባዶ ሜዳ። በዚያ ላይ ከቀኑ ጨዋታዎች አብዛኛዎቹ እንግዳ ከእንግዳ የሚገናኝባቸው ናቸው። በድሬ ፀሐይ በሥራ ቀን ለሱ ብሎ የሚወጣ ማን ነው?

እንግዲህ ቴሌቪዥኑ የሚመጣው አሁን ነው። የእንግሊዝ ሊግ የሚታይበት ቤት በየሰፈሩ አለ፤ መግቢያው ጥቂት ብር ነው፤ ጨዋታው ሰዓቱን ይጠብቃል፤ ጓደኛ አለ፤ ክርክር አለ፤ ተጫዋቹ ቢያንስ የዓመቱን ውድድር እስኪጨርስ አይጠፋም። በሌላ አነጋገር የገዛ ቡድናችን ያጣውን ሁሉ የለንደኑ ቡድን ያቀርብልናል። ይህን የሚመርጥን ወጣት «የባዕድ አምላኪ» ብሎ መስደብ ቀላል ነው፤ ግን ትክክል አይደለም። ወጣቱ የመረጠው እንግሊዝን ሳይሆን የማይለወጥ ቀጠሮን ነው።

አሁን ወደ ከባዱ ተቃውሞ ልምጣ። ከመምህራን መካከል «ቢረሳስ! ምን ቀረብን?» የሚሉ አሉ። እነሱም ዝም ብለው አይደለም። በ2011 ዓ.ም. ክለቦችና ፌዴሬሽኑ ለተጫዋቾች የወር ደመወዝ የ50,000 ብር ጣራ አውጥተው ነበር። ጣራ ማውጣት ማስፈለጉ ብቻውን ክፍያው የት ደርሶ እንደነበር ይናገራል። በዚያ ዓመት የጀማሪ መምህር ደመወዝ ስንት እንደነበር የሚያውቅ ልዩነቱን ራሱ ያስላው። «ይህ ገንዘብ ስንት ዴስክ ይገዛል? ስንት መጽሐፍ ያሳትማል?» ይላሉ። በደንብ ይገዛል፤ በደንብም ያሳትማል! ማንም የማያየውን ቡድን በሕዝብ ገንዘብ ማኖር አላዋቂነት ነው በሚለው እስማማለሁ።

የማልስማማው መደምደሚያው ላይ ነው። ቡድኑ ይፍረስ ከማለት በፊት ገንዘቡ ምን ላይ እንደሚውል መጠየቅ ይቀድማል። ለአንድ ዓመት እንግዳ ከሚከፈለው ግማሹ እንኳ ለከተማዋ ልጆች ሥልጠና ቢውል ገንዘቡ ከትምህርት ሥራ ጋር የሚጣላ አይሆንም፤ ራሱ የትምህርት ሥራ ይሆናል። ደግሞም ድሬዳዋ ባቡር የመሠረታት፣ ብዙ ቋንቋ የሚነገርባት ከተማ ናት። ኦሮሞው፣ ሶማሌው፣ አማራው፣ ሐረሪው፣ ጉራጌው አንድ ላይ ተቀምጦ አንድ ስም የሚጠራበት ስንት ቦታ አለ? ገበያው ቀፊራ አለ፤ ግን እዚያ ሁሉም ለየራሱ ይደራደራል። ስታዲየም ሰው ለራሱ ሳያተርፍ አብሮ የሚደሰትበት፣ አብሮም መሸነፍን የሚማርበት ቦታ ነው። ረብሻ ስለተነሣ ስታዲየሙን ባዶ ማድረግ ተማሪ ስለተጣላ ትምህርት ቤት መዝጋት ነው።

ታዲያ እኛን ምን አገባን? እጅግ ያገባናል። በቅርቡ ለማስተማር ልምምድ የምንወጣው እኛ ነን። ቡድንን የሚወድ ተመልካች የሚፈጠረው በአሥራ ሁለት ዓመቱ ነው፤ በዚያ ዕድሜ ደግሞ ልጁ ያለው ክፍላችን ውስጥ ነው። ስለዚህ ሦስት ነገር አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ የሰውነት ማጎልመሻ ክፍለ ጊዜን እናክብር። በብዙ ትምህርት ቤት ይህ ክፍለ ጊዜ የሒሳብ ማካካሻ፣ አልያም «ኳስ ወስዳችሁ ተጫወቱ» ተብሎ መምህሩ ጥላ ሥር የሚቀመጥበት ሰዓት ሆኗል። ሜዳ የለም ማለት በቂ ምክንያት አይደለም፤ አራት ድንጋይና አንድ የጨርቅ ኳስ ካለ ሥልጠና አለ። በየክፍሉ ቡድን ይቋቋም፤ የጨዋታ ቀን ተቆርጦ ይለጠፍ፤ ቀኑም አይሰረዝ። ከላይ ያልነው ልማድ የሚዘራው እዚህ ነው።

ሁለተኛ፣ ልጆች የከተማቸውን የኳስ ታሪክ ይወቁ። የአማርኛ ድርሰት ስናዝዝ «ትልቁ ሕልሜ» ከምንል ይልቅ አንድ ጊዜ «አያትህን ስለ ኮተን ጠይቅና ጻፍ» እንበል። ልጁ መጻፍ ይለማመዳል፤ አያትየውም የሚጠይቃቸው ያገኛሉ።

ሦስተኛ፣ ከአስተዳደሩና ከክለቡ የምንጠይቀው ነገር ይኑር። በየዓመቱ ከሚያስፈርማቸው ውስጥ የተወሰነ ቁጥር ያላቸው የከተማዋ ልጆች እንዲሆኑ፣ ቡድኑ በድሬ ሲጫወት ለተማሪዎች የተለየ ቦታ በነጻ እንዲሰጥ፣ ተጫዋቾቹም በወር አንድ ቀን በየተራ ትምህርት ቤቶችን እንዲጎበኙ። ይህ ሁሉ አዲስ በጀት አይጠይቅም። የሚጠይቀው ተመልካቹን እንደ ባለቤት መቁጠርን ነው።

«መምህር ይህን ሁሉ ሊሠራ ነው? ደመወዙስ?» የሚል እንዳለ አውቃለሁ። የደመወዙ ነገር ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው፤ በዚሁ ግድግዳ ላይ ሌላ ጊዜ ይጻፍበት። ግን ክፍል ውስጥ ስንገባ የምናገኘው ልጅ አርሰናል ተሸነፈ ብሎ ምሳ ያልበላ፣ የሰፈሩ ቡድን መኖሩን ግን የማያውቅ ከሆነ፣ ያ ልጅ ያደገበትን ቦታ እንደ መንገድ ላይ ማረፊያ ነው የሚያየው ማለት ነው። ከተማውን እንዲህ የሚያይ ልጅ ነገ የከተማውን ትምህርት ቤትም፣ የከተማውን ዛፍም አይጠብቅም። የከተማ ፍቅር የሚጀምረው ከትንሽ ነገር ነው፤ ከመለያ ቀለምና ከአንድ ተጫዋች ስም።

የተለየ አስተያየት ያላችሁ፣ በተለይም «ቡድኑ ይፍረስ» የምትሉ አሠልጣኞችና ሠልጣኞች፣ በሻይ ክበብ ብቻ ከምንከራከር ጽሑፋችሁን ለዝግጅት ክፍሉ አስገቡና እዚሁ ጎን ለጎን ይለጠፍ። ፍርዱን አንባቢ ይስጥ።