ነፋሱን ስንጠቀም ወፉንና ባላገሩን አንርሳ





ከጥቂት ጊዜ በፊት በአዳማ አጠገብ የቆሙትን የነፋስ ኃይል ማመንጫዎች ለማሳየት ተማሪዎቼን ይዤ ሄጄ ነበር። በመጀመሪያው ጣቢያ 34፣ በ2007 ዓ.ም. በተመረቀው በሁለተኛው ደግሞ 102 ተርባይኖች አሉ። የግድብ ውሃ በሚቀንስበት በበጋ ነፋሱ ስለሚበረታ ጥቅማቸው ከማንም የተሰወረ አይደለም። ይሁን እንጂ አንድ ተማሪ፣ «መምህር፤ ትልልቆቹ ወፎች በዚህ መካከል እንዴት ያልፋሉ?» ብሎ ቢጠይቀኝ መልስ አጣሁ። ወደ ቤቴ ተመልሼ መጻሕፍት ሳገላብጥ ጥያቄው ቀላል አለመሆኑን ተረዳሁ።

ስምጥ ሸለቆው ከአውሮፓና ከእስያ የሚመጡ ሽመላዎችና ንስሮች የሚያልፉበት መንገድ ነው። ጥንብ አንሣም በሚበርበት ጊዜ ምግቡን ለመፈለግ ወደ ታች ስለሚመለከት ከፊቱ ያለውን አያይም። አብዛኛው ዓይነት በዓመት ከአንድ እንቁላል የበለጠ ስለማይጥል የሞተው ቶሎ አይተካም።

መድኃኒቱ ግን ውድ አይደለም። በስፔን አገር በካዲዝ አውራጃ፣ ጥንብ አንሣ ሲቃረብ ጠባቂዎች ተርባይኑን ለጊዜው እያስቆሙ የሚሞተውን በግማሽ ቀነሱት፤ በዚህ የጎደለው ኃይል ከ1000 አንድ እጅ እንኳ አልሞላም። በኖርዌይ በስሞላ ደሴት በ4 ተርባይኖች ላይ ከሦስቱ ክንፎች አንደኛው ጥቁር ቀለም ቢቀባ፣ የወፎቹ ሞት ከ70 በመቶ በላይ መቀነሱ እ.ኤ.አ. በ2020 ተገልጿል።

የባላገሩም ነገር እንዲሁ ነው። በጎረቤታችን በኬንያ፣ በኪናንጎፕ ሊቆም የታሰበው 60 ሜጋ ዋት ያህል ማመንጫ ከአካባቢው ሕዝብ ጋር በተነሣው የመሬት ክርክር ምክንያት እ.ኤ.አ. በ2016 ተሰረዘ። ሕዝቡን አስቀድሞ አለማስማማት ምን ያህል እንደሚያስከፍል ከዚህ እንማር።

ይህን መጻፌ ሥልጣኔን ለመቃወም አይደለም። ነገር ግን እንዲህ ያለው ፋይል በጠረጴዛችሁ ላይ የሚያልፍ ወንድሞቼና እኅቶቼ ሆይ፤ ከመፈረማችሁ በፊት እባካችሁ ሦስት ነገር ጠይቁ። ወፎቹ በሚመጡበትና በሚመለሱበት ወራት መንገዳቸው ተጠንቷልን? ድምፁና የሚሽከረከረው ጥላ ቤተ ሰብ እንዳያውክ ማማው ከመኖሪያ ቤት በቂ ርቀት አለውን? የገበሬው ካሣስ መሬቱ ከመወሰዱ በፊት በእጁ ገብቷልን?

ማማው ከቆመ በኋላ ቦታውን መለወጥ አይቻልም፤ ወረቀቱን ግን ዛሬ በብዕር ማረም ይቻላል። ሳይቃጠል በቅጠል ይባል የለምን?

አክባሪዎ
አንድ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህር